ያልተከፈተው መዳፍ

ሰዓደት በአዲሱ ጆሮዋ አጥርታ የሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ ጥፊ ነበር።

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የመርካቶው ዱባይ ተራ ለእሷ አንድ የተደባለቀ ጩኸት ነበር። የሻጮች ጥሪ፣ የሞተር ሳይክል ጥሩምባ፣ የሚቀደድ ካርቶን፣ ከየሱቁ የሚወጣው ሙዚቃ፣ ሁሉም በአንድ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ተጠቅጥቀው የሚመጡ ይመስል ራሷ ውስጥ ይንጫጫሉ። የቱ ሰው፣ የቱ ዕቃ እንደሆነ አትለይም። ጥፊው ግን ብቻውን መጣ። ደረቅና አጭር ነበር፤ መነሻውም መድረሻውም ይታወቃል። ከተጎነበሰችበት ቀና ስትል ወንድሟ ጠይብ እጁን ገና አላወረደም። ሁዛይፋ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ ጀርባው ላይ ያለው የጫማ እስር እንዳይናድ ጉልበቱን አጽንቶ ቆሟል። እንደዚያ ተመትቶ እንኳ ሸክሙን አልጣለም።

ጥፋቱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሁዛይፋ እስሩን ተሸክሞ ወደ ሱቃቸው ሲገባ በአንድ እጁ ገመዱን ይዞ፣ በሌላው እንደ ወትሮው በምልክት፣ ራስ ምታቱ ተሽሏት እንደሆነ ጠይቋት ነበር። እሷም በጣቶቿ መልሳለታለች። ጠይብ ያየው ይህንን ነው፤ ተሸካሚ ከእህቱ ጋር፣ በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ እሱ በማያውቀው ቋንቋ ሲያወጋ።

«አሁን ጆሮ አላት» አለው ጠይብ። ከንፈሩን አንብባ ነው ያወቀችው። «እጅህን ሰብስብ።»

ከመደርደሪያው ሥር ጫማ የሚያጣምሩት ሠራተኞች ሳቁ። ሐምዱ የሚባለው ጣቶቹን እያወዛወዘ ሁዛይፋን አስመሰለ፤ ዘንድሮ ኩሊውም በጣቱ ሚስት ያጫል፣ ወይ ዘመን፣ ይል ነበር። ጠይብ አልሳቀም።

ሁዛይፋ እስሩን ቀስ አድርጎ አወረደ። ወገቡን አቀና። ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹን አንጠልጥሎ ትቶ በድምፁ ጠራት። ስሟን እንደጠራ ከአፉ ቅርጽ አይታለች። ወደ ራሷ የገባው ግን ስም አልነበረም፤ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ቆርቆሮ ነበር። እጇ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ሄደ፣ ፊቷ ተኮማተረ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ ሁዛይፋ ጠይብን አያይም ነበር፤ እሷን ነው የሚያየው። ጥፊው ያልለወጠውን ፊት የእሷ ፊት ለውጦታል። ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ።

ከቀትር በኋላ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። «ድምፄን ስትሰሚ ፊትሽን አየሁት። ወላሂ አላዝንብሽም። ከእንግዲህ ግን አላስቸግርሽም» ይላል።

መልስ ጽፋ አጠፋች። ደግማ ጽፋ አጠፋች። መሣሪያው ነው፣ አንተ አይደለህም፣ ልትለው ትፈልጋለች። ያፈገፈገችው ግን ከእሱ ድምፅ መሆኑን ራሷ ታውቃለች፤ አይደለም ብትለውም ፊቷን አይቷል። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ካርቶን መሃል ተቀመጠች። ወንድሟን መምታት አማራት። ከዚያ ይበልጥ ደግሞ የገዛ ፊቷን።

*

ሰዓደት ጆሮዋን ያጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በማጅራት ገትር ነው። ትኩሳቱ ሲለቃት ድምፅም አብሮ ለቀቃት። አባቷ ሀጂ አብዱልከሪም፣ የዱባይ ተራው የጫማ ጅምላ ነጋዴ፣ ያልወሰዷት ሐኪም አልነበረም። በየጊዜው የሚሰጧት ማዳመጫ ድምፅን ያጎላል፤ ነገር ግን ድምፁን ተቀብሎ ለነርቭ የሚያቀብለው የውስጥ ጆሮዋ ክፍል ስለሞተ፣ የጎላው ነገር የሚያርፍበት አላገኘም። ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይህን የሞተ ክፍል አልፎ ነው የሚሄደው። ከጆሮ ኋላ፣ ከቆዳ ሥር፣ ትንሽ መሣሪያ ይቀበራል። ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ፣ ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ይገባል። ከውጭ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ክፍል፣ ክብ ጫፉ በማግኔት ከራስ ጋር ተጣብቆ፣ የሰማውን ወደ ውስጥ ይልካል።

ህንድ አገር የመረመራት ሐኪም ዘግይታችኋል አላቸው። ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጥ ጆሮ በአጥንት ሊሞላ ይችላል። ግራው ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ቀኙ ሽቦ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀርቶታል። ስለዚህ አንድ ጆሮ ነው፤ ሌላ የለም። ሐኪሙ ሲሸኛት ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ በዚህ በኩል ምት እንዳያርፍብሽ፣ ኳስም ቢሆን፣ የሰው ክርንም ቢሆን፣ አላት።

ሀጂ አብዱልከሪም ሐኪሞቹ ካቃታቸው ወዲህ ለዓመታት የአላህ ውሳኔ ነው ሲሉ ኖረው ድንገት የተነሡት በፈርሀት ምክንያት ነው። ፈርሀት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ከዱባይ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። ቤተሰቦቹ መልኳንም ዘሯንም ወደዋል፤ ትስማ እንጂ ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል። ሰዓደት ይህን ያወቀችው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ራሷ በፋሻ እንደታሰረ ነው። ጆሮው የተገዛላት ከጥሎሹ አስቀድሞ እንደሚገዛ ዕቃ መሆኑ ገባት።

ሁዛይፋ ግን ያለ ጆሮ ነው ያገኛት።

ሐርቡ ከምትባል ትንሽ ከተማ መጥቶ ተሸካሚ የሆነ ሰሞን ነው። መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ «መንገድ» እያለ ይጮኻል፤ ዞር ያላለ ይገፋል፤ የተገፋም ጥፋቱ የራሱ ነው። ሁዛይፋ ደጋግሞ ጮኸ። እሷ አልሰማችም። የእስሩ ጥግ ትከሻዋን መትቶ በፊቷ ደፋት። ሊቆጣ ጎንበስ ሲል ዓይኗ አፉን እንጂ ዓይኑን እንደማያይ አስተዋለ፤ ተረዳ፤ አፈረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ሱቁ ሲመጣ የወለሉን ጣውላ በእግሩ ይመታል። በጫማዋ ሶል በኩል ይሰማታል። ቀስ በቀስ ምልክት አስተማረችው። ሲያወራት ሁልጊዜ ብርሃን ፊቱ ላይ በሚያርፍበት በኩል ይቆማል፤ ይህን ማንም አልነገረውም።

እሷ ከአፏ ቃል ካወጣች ቆይታለች። ከታመመች በኋላ ሁለት ደንበኞች ንግግሯን ሰምተው ሲሳሳቁ አይታ፣ ከቤት ውጪ አፏን ዘጋች። ለሁዛይፋም እንኳ አልከፈተችውም።

ህንድ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች በድምፅ የተቀዳ መልእክት ይልክላት ጀመር። «አሁን አትሰሚውም። አስቀምጪው» ብሎ ጽፎበታል። መሣሪያው ከተከፈተላት በኋላ አዲስ አበባ የምታሠለጥናት ፋና፣ አንጎልሽ ይህን ድምፅ አያውቀውም፣ እንደ ባዕድ ቋንቋ ነው፣ የአንድ ሰው ድምፅ ምረጪና አንዱኑ ነገር በየቀኑ ደጋግመሽ ስሚ፣ ብላታለች። ሰዓደት መምረጥ አላስፈለጋትም። በየቀኑ፣ ጠይብ ለምሳ ሲወጣ፣ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ገብታ የሁዛይፋን መልእክቶች ትሰማለች። ቆርቆሮ። ትናንትም ቆርቆሮ፣ ዛሬም ቆርቆሮ። ድምፁ የሰው ድምፅ እስኪሆንላት ድረስ ልትነግረው አልፈለገችም። ስህተቷ ይህ ነበር። እሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ የገዛ ድምፁን ስትለማመድ እንደምትውል አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊቷ እንደተኮማተረ ብቻ ነው።

ከጥፊው በኋላ ዱባይ ተራ መምጣት ተወ። እሷ ግን መስማቷን አልተወችም። የፈርሀት ሽማግሌዎች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እዚያው ካርቶን መሃል፣ ከቆርቆሮው ውስጥ አንድ ነገር ብቅ አለ። አቁማ መለሰችው። እንደገና። ከንፈር አላየችም፤ የተጻፈ ነገር አላነበበችም፤ ቃሉ ግን መጣ።

ሻይ።

ደግማ ስትሰማው ዙሪያው ያለውም ተከተለ። «ሲኒማ ራስ ጋ ነኝ። ጭነት እስኪመጣ ሻይ ጠጣሁ።» ስንት የፍቅር ቃል ተቀድቶ ተቀምጦላት፣ ቀድሞ የደረሰላት ሻይ መሆኑ አሳቃት። ስትስቅ እንባዋ ወረደ። የጠቆረ፣ ለስለስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚጎተት ድምፅ ነበር። የሰው ድምፅ። የእሱ።

*

ለሐምዱ ራሴን አመመኝ ብላ በምልክት ነግራው ወጣች። ጠይብ ከማዶው ሱቅ በር ላይ ቆሞ እንዳያት አላወቀችም።

ሁዛይፋ ብረት የሚሸጥበት መንደር እንደሚሠራ ሌሎች ተሸካሚዎችን ስልኳ ላይ ጽፋ ጠይቃ ነው ያገኘችው። መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ የፌሮ እስር ተከምሯል፤ ብረት የሚቆርጡት ሰዎች የእሳት ብናኝ እግሯ ሥር ይረግፋል። እያንዳንዱ ምት በራሷ ውስጥ እንደ ሚስማር ይገባል። መሣሪያውን ልታጠፋው እጇ ሄዶ ተመለሰ።

ሲያያት ደነገጠ። ድምፁን አላወጣም፤ በእጁ ነው የጠየቃት። ለምን መጣሽ። እዚህ ጩኸት ነው፣ ያምሻል። እሷ የሻሿን ጠርዝ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ መለሰች፤ ጨርቁ ማይክሮፎኑን ሲታከከው ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በጣቷ አፉን አመለከተች። ተናገር።

ራሱን ነቀነቀ። እምቢ።

ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። «ሻይ ጠጣሁ አልክ» አለችው። ጉሮሮዋ እንደዛገ ማጠፊያ ነበር። «ሲኒማ ራስ ጋ። ጭነት ስትጠብቅ።»

ሁዛይፋ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባው። ፊቱ ሲከፈት አየችው፤ በተናገረችው ነገር ይሁን በመናገሯ፣ እሱም ያወቀ አይመስልም።

«ሰማሽኝ?» አለ።

ሰማችው። ሰማሁ ልትለው አፏን ስትከፍት ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጩኸት ራሷን ሞላው። ሁለት ሰዎች የፌሮ እስር በትከሻቸው ተሸክመው «መንገድ» እያሉ ይመጣሉ። በሁለት ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ በአንድ ጆሮ ግን ድምፅ አቅጣጫ የለውም። ሰዓደት ከብረቱ የሸሸች መስሏት ወደ ብረቱ ዞረች። የእስሩ ጎን ጆሮዋ አጠገብ ሲያልፍ ማግኔቱ ከራሷ ለቆ ዘለለና ብረቱ ላይ ተለጠፈ። የተንጠለጠለውም ክፍል ተከትሎት ሄደ።

ዓለም በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ተሸካሚዎቹ አላወቁም፤ ጆሮዋን ከፌሮው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ሁዛይፋ በሰው መሃል ዘለለ፤ ነጠቀው፤ እየሮጠ ተመልሶ ያለ ምንም ማመንታት እጁን ወደ ራሷ፣ ወደ ሻሿ ሥር ሰደደ። መልሶ ሊያኖርላት ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን ቡትቶ የለበሰ ተሸካሚ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ጨብጦ፣ ወርቅ ያደረገች ሴት አንገት ሥር እጁን ሲከት ነው።

ጩኸቱን አልሰማችውም፤ ያየችው አፍ ነው። መጀመሪያ ከሰው መሃል የወጣው የጠይብ አፍ። ቀጥሎ ብረት ቆራጩ፣ ቀጥሎ ሚዛን ላይ የቆመው ሰውዬ። ምላስ ወደ ላይ ይነሣና ከንፈር ይገጥማል። ሌባ። ጠይብ ያ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ህንድ ድረስ አብሯት ሄዶ ያመጣው እሱ ነው። እያወቀ ነው የጮኸው። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ያ ቃል አንዴ ከወጣ፣ ያወጣው ሰው እንኳ አይመልሰውም።

የመጀመሪያው ቡጢ ከኋላ መጣ። የሁዛይፋ አንገት ወደ ፊት ታጠፈ። ሁለተኛው በዱላ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ። ሲወድቅ መሬቱ በእግሯ በኩል ነዘራት። ከዚያ እግር ብቻ ነው የሚታየው። ጫማ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይነሣል። ሁሉም ነገር ያለ ምንም ድምፅ ይሆናል፤ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው የሚጫወቱ ይመስላሉ። አንዱ ይስቃል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ደም ከሁዛይፋ ቅንድብ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ሲረጭ እንኳ ድምፅ የለውም።

በገበያው ልማድ ሌባ የተባለ ሰው መጀመሪያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳያል። የዘረጋ ይፈተሻል። የጨበጠ ይደበደባል። ሁዛይፋ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም ቀኝ እጁን ጨብጦ ሆዱ ሥር ከቶታል፤ በግራው ራሱን ይሸፍናል። ከበላዩ የቆሙት አፎች አሁን ሌላ ነገር ይላሉ። ጨብጦታል። ክፈቱት። አንዱ እጁን ጎትቶ አወጣው፤ ሌላው አንጓው ላይ ቆመበት። ብረት ቆራጩ የፌሮ ቁራጭ ይዞ ቀረበና በተጨበጠው እጅ ላይ አሳረፈው።

እጁ አልተከፈተም።

ሰዓደት ያን ጊዜ ነው የገባት። ቢከፍተው ይተርፋል። ቢከፍተው ግን ያ ትንሽ ነገር በዚያ ሁሉ ጫማ ሥር ይወድቃል። ሰውየው ራሱን ትቶ ጆሮዋን ነው የሸፈነው።

እንዴት እንደገባች አታስታውስም። ሰው ቧጥጣለች፣ ነክሳለች። በደረቷ ላዩ ላይ ወደቀች። ለእሱ የተወረወረ እርግጫ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ፣ ጠባሳው ላይ፣ አረፈባት፤ ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ተቀደደ። ሐኪሙ ያላት ነገር ትዝ ያላት ከረፈደ በኋላ ነው። ፌሮው እንደገና ሲነሣ አየችና ቀና ብላ ጮኸች። የገዛ ድምፅዋን አልሰማችም። ጉሮሮዋ ሲቀደድ ብቻ ነው የተሰማት።

«ባሌ ነው።»

ፌሮው አየር ላይ ቀረ። «ባሌ ነው» አለች ደግማ፤ ወይም እንዳለች አመነች። «ጆሮዬን ነው የያዘልኝ። ባሌ ነው።»

አንጓው ላይ የቆመው ሰውዬ እግሩን አነሣ። ስልክ የያዘው ዝቅ አደረገው። መርካቶ ሌባ ሲመታ ጠያቂ የለበትም፤ ባልና ሚስት መሃል የገባ ግን ኋላ መልስ ይሰጣል። ክበቡ እየሰፋ፣ እየሳሳ ሄደ። ከቀሩት መሃል ጠይብ ነበር። ፌሮው ሲወጣ ሊያስቆማቸው ገብቶ ሳይሆን አይቀርም፣ አፍንጫው ደምቷል፤ የጮኸውን ቃል ማንም አልመለሰለትም። አሁን ደግሞ የእህቱን ቃል ሰምቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲቆጣም ሲያለቅስም የምታውቀው ፊት ነው። እንዲህ ሲፈራ ግን አይታው አታውቅም። ልታዝንለት ፈልጋ አቃታት።

*

ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ነርሷ የሁዛይፋን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ሁለቱ ተሰብረዋል። የጆሮዋ መሣሪያ ደም ተቀብቶ መዳፉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ተሰንጥቋል፤ አረንጓዴ መብራቱ ግን ብልጭ ይላል። ሰዓደት በሻሿ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። ማግኔቱ ያዘ። ጠበቀች። ምንም የለም።

የውጪው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ በሌላ ይተካል። ወይም ደግሞ እርግጫው ከቆዳዋ ሥር ያለውን ሰብሮታል፤ ያ ከሆነ እንደገና መቀደድ አለባት፣ የጆሮዋ ክፍተትም በአጥንት ሳይሞላ ይጠብቃት አይጠብቃት የሚያውቅ የለም። ሁዛይፋ ባበጠ ዓይኑ ፊቷን እየመረመረ በግራ እጁ ጠየቃት። ትሰሚያለሽ? እሰማለሁ ብላ መለሰችለት። አላመናትም።

ሀጂ አብዱልከሪም ሲገቡ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ጠይብ ከኋላቸው ቆሟል። አባቷ አልጋውን አላዩም። እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸው እንዲታያት ፊት ለፊቷ ቆሙና ቀስ ብለው፣ ያለ ቁጣ፣ ተናገሩ። ነፍስ ለማዳን የተባለ ነገር እንደሆነ ይገባቸዋል። ሽማግሌዎቹም ይገባቸዋል። ነገውኑ ህንድ ይሄዳሉ፤ የተሰበረው ሁሉ ይጠገናል። ከእሷ የሚጠበቀው ያ ቃል ውሸት ነበር ማለት ብቻ ነው።

«ቤት ግቢ፣ ልጄ» አሉ።

ከጎኗ የሁዛይፋ ግራ እጅ ተነሣ። ሂጂ፣ አለ እጁ። ትሰሚያለሽ። ሂጂ። ሰዓደት ፊቷን ከእጁ አዞረች። መስማት የማይችል ሰው አልሰማህም የሚለው እንዲህ ነው።

መሣሪያውን ከራሷ አላቀቀችና አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ጆሮውን ይውሰዱት፣ አባ» አለች። ጮኻ ይሁን አንሾካሹካ አታውቅም፤ ነርሷ ግን ከበሩ ዞራ አይታታለች። «ቃሌን አልመልስም።»

አባቷ የተሰነጠቀውን ነገር ረጅም ጊዜ አዩት። ከጠርዙ ላይ የደረቀ ደም በአውራ ጣታቸው ፈቀፈቁ። ሲዞሩ ወደ እሷ አልነበረም።

«ሌባ ብለህ የጮኽከው አንተ ነህ?»

ጠይብ መሬት መሬት አየ።

«ሌባ ነው ወይ?»

«አይደለም፣ አባ።»

«ምን ነበር የያዘው?»

ጠይብ ከንፈሩ ተንቀጥቅጦ መልሱን ልታነበው ቸገራት። «ጆሮዋን» ያለ ይመስላታል።

«እንግዲያ ንገረኝ» አሉ አባቷ። «አገር ቆሞ እያየ የእህትህን ራስ የነካ ወንድ፣ ሌባ ካልሆነ ምንድን ነው?»

አባቷ መልሱን አልጠበቁም። ከዚህ ወጥተው ፖሊስ ጣቢያ አብረው እንደሚሄዱ፣ እዚያም ያደረገውን በራሱ አፍ እንደሚናገር ነገሩት። ዱባይ ተራ ውስጥ የሀጂ አብዱልከሪም ቃል ከፊርማ በላይ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያሉ ነው የነገዱት። ዛሬ የተናገረችው የወለዷት ናት። ቃሉ ይጥፋ ወይስ ልጃቸው ትጥፋ እያሉ፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ ፊታቸው ላይ ታያቸዋለች። በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሏት።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋውን አዩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ሰዓደት ከከንፈራቸው አነበበችው። ሌባ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ልጅ የሚዳር ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው።

ሁዛይፋ ተነሥቶ ሊቀመጥ ሞክሮ አልቻለም፤ ተጋድሞ መለሰ። አፉ አብጦ ከንፈሩ አይገጥምም፤ ሊነበብ አይችልም። ጆሮም የላትም። የሕይወቷ መልስ አጠገቧ እየተነገረ አንዲት ቃል አልደረሳትም። ስለዚህ የአባቷን ፊት አየች። ሀጂ አብዱልከሪም አንዴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። አንድ ነገር ጠየቁ። ጠበቁ። ሌላ ጠየቁ። ግንባራቸው አልተፈታም። ከግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር በእግራቸው ስበው ግን አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

ፌሮው ሥር ያልመጣባት፣ ጆሮዋን ስትሰጥ ያልመጣባት ፍርሃት ያን ጊዜ መጣባት። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ከአባቷ ቅንድብ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ዛሬ ገና የሚነጠቅ ነገር እንዳለው ሰው ጠበቀች።